የተከራየ ድምፅ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት ነበር አሉ። "ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!" ሲል አጠና ተራ ድረስ ይሰማል። ሰው የሚወደው ግን በሌላ ነው፤ ባዶ ታክሲ አቁሞ "ሁለት ሰው የቀረው!" ብሎ አያውቅም። ስድስት ከቀረ ስድስት ይላል፤ የቸኮለ ሌላ ይይዛል፣ ያልቸኮለ ገብቶ ይጠብቃል።

ይህን ያየ አንድ ባለ ጫማ ቤት ጠርቶ ማይክ አስጨበጠው። በር ላይ ሞንታርቦ ተደረደረ። "ኦርጅናል ቆዳ! ክረምት ከበጋ የማይበገር! የዛሬ ብቻ ቅናሽ!" ቅናሹ በነጋታውም በሳምንቱም "የዛሬ ብቻ" ነበር። ሱቁ በሰው ተጨናነቀ።

ሐምሌ ገባ። ማዞሪያው ጥግ በቆሎ እሸት የሚጠብሱ እናት ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ለልጅ ልጃቸው የገዙት ጫማ ሶሉ አፉን ከፍቷል፤ ቆዳ የተባለው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ከሥሩ የራሰ ካርቶን ይታያል።

"እማማ፣ እኔ ማስታወቂያ ነው የምሠራው። የሚሸጠው ባለቤቱ ነው" አላቸው።

"ባለቤቱን የት አውቄው ልጄ? አንተ ጦር ኃይሎች ስትለኝ ጦር ኃይሎች ነዋ የምወርደው!"

ክረምቱ ሳይወጣ ሱቁ ተዘጋ፤ ልጁም ወደ ታክሲው ተመለሰ። አሁንም ስድስት ከቀረ ስድስት ይላል። ሰው ግን አንገቱን በመስኮት አስግጎ ባዶውን ወንበር ሳይቆጥር አይገባም።

ያ ነጋዴ ጉሮሮ አልቸገረውም፤ ሞንታርቦው ይበቃው ነበር። የተከራየው ሰፈርተኛው በልጁ ላይ የነበረውን እምነት ነው። በቴሌቪዥንም የምናየው ይኸው ነው። መሠረቱ እንኳን ያልተቆፈረ አፓርታማ "ቁልፍዎን ይረከቡ" ሲባል፣ የሚናገረው በድራማ የምንወደው ተዋናይ ይሆናል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ደግ ሕግ ነው። ይሁንና የዓመታት ቁጠባውን ቀብድ ከፍሎ ቤቱን ያጣ ቤተሰብ ውሉን ሲያወጣ የሚያገኘው የሻጩን ፊርማ ብቻ ነው፤ እጁን ይዞ እዚያ ያደረሰው ፊት ወረቀቱ ላይ የለም። ስሙንና መልኩን የሚያከራይ አርቲስት ከመፈረሙ በፊት ሳይቱ ድረስ ሄዶ "እስቲ የግንባታ ፈቃዱን አሳዩኝ" ቢል ምን ይጎድልበታል?