ጎጆው ተቃጠለ ወይስ ሰው አቃጠለው?

ልቦለድን ለቋንቋ ማስተማሪያ ማድረግ ተገቢ ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አደረገው። በመሆኑም የሀዋሳ ልጅ በቤቱ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም አማርኛ እየተናገረ ያድግና ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ልቦለድ ይህን ሸክም ካቀለለለት ምን ክፋት አለው?

ክፋት የለውም፤ አያያዛችን ግን ሊመረመር ይገባል። አንድ ምሳሌ እንመልከት። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት ሥራ በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል። በኋላም ራሳቸው በእንግሊዝኛ «አፈርሳታ» የተሰኘውን ልቦለድ ጻፉ። በዚህ ልቦለድ የናማጋ ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል። ነዋሪዎቹም እንደ አገሩ ልማድ ጥፋተኛውን ለማውጣት በአፈርሳታ ይሰበሰባሉ።

ለእንግሊዝኛ መምህር ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ጉራጌም ሲዳማም የእንሰት አገር ነው፤ ተማሪው ጎጆውንም፣ የሽማግሌዎቹንም ሸንጎ ያውቃል። እንግዳ የሚሆንበት ቋንቋው ብቻ ነው። ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ «ያለፈ ጊዜ ግሦችን አስምሩባቸው» ብሎ ደወሉ ቢደወል፣ የሰው ቤት ሲቃጠል እኛ ግሥ ቆጥረን ወጣን ማለት ነው። «ናማጋ እኮ በእውን የኖረ ሰው አይደለም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እርሱ በእኛ ቸልተኝነት የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚጎዳው የእኛ ልብ ነው፤ የሰው መከራ ፊቱ ቀርቦ ሳለ ሌላ ሥራ መሥራትን ይለምዳል። የተለመደ ነገር ደግሞ ከክፍል ውጭም ይከተለናል።

ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት ስለ አንዲት በግ የነገረውን ታሪክ አስታውሱ (2ኛ ሳሙኤል 12)። ዳዊት ስለ ድሀው ሰው ተቆጣ፤ ፈረደም። ፍርዱ ወደ ራሱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ናታን ተግሣጹን ቢያስቀድም ኖሮ፣ ንጉሡ ምናልባት ለራሱ መከላከያ ይፈልግ ነበር። ይህ እኛን የቤተ ክርስቲያን አስተማሪዎችንም ይነካል። ታሪኩን ሳንጨርስ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ካልን፣ ግሥ ከሚቆጥረው መምህር በምን እንሻላለን? እርሱ ሰዋስው ቃረመ፣ እኛ ምክር ቃረምን፤ ናማጋን ግን ማንም አላየውም።

ታዲያ ሰዋስው ይቅር? አይቅር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀውን ወጣት በሐዘኔታ ብቻ ማሰናበት ፍቅር አይደለም። መስተካከል ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ ይነበብ፤ ተማሪውም በማን ላይ ምን እንደ ደረሰ፣ በሲዳምኛም ቢሆን፣ በሚቀልለው ቋንቋ ይናገር። ከዚያ ወደ ሰዋስው ስንገባ ትምህርቱ ሥጋና ደም ይኖረዋል። «ጎጆው ተቃጠለ» እና «ጎጆውን ሰው አቃጠለው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት በመማሪያ መጽሐፍ የተደራጊና የአድራጊ ግሥ ልዩነት ነው። በአፈርሳታ ሸንጎ ግን የፍርድ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው አድራጊውን ይሰውራል፤ ሁለተኛው «ማን?» ያሰኛል። ይህ መሸሸጊያ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አለ። «ገንዘቡ ጠፋ»፣ «ስሕተት ተፈጠረ»፣ «ስሙ ተነሣ» እያልን ስንቶቻችን ከግሡ ጀርባ ተደብቀናል? ይህን ያስተዋለ ተማሪ ተደራጊ ግሥን ለፈተናም ለኅሊናም ያውቀዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ እንግሊዝኛ ለብዙዎቻችሁ የሥራና የትምህርት በር ነው፤ በርትታችሁ ተማሩት። ስትማሩት ግን በዚያው ቋንቋ የሚናገረውን ሰው ስሙት። በዚህ ክረምት አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ካነሣችሁ፣ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጣችሁ በፊት ጎጆው የተቃጠለበት ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።