ከሦስት ሜትር ርቀት

የኮንዶሚኒየማችንን ጣሪያና በረንዳዎች ቀና ብሎ ያየ ሰው የየቤቱን ምርጫ ከዲሹ አቀማመጥ ሊያውቅ ይችላል። ወደ ምዕራብ ጋደል ያለው ናይልሳትን የያዘ ነው፤ የዓረብ ጣቢያና ፊልም የሚወደድበት ቤት። ወደ ምሥራቅ ያዘመመው ኢትዮሳትን ይቀበላል፤ ዜናና የአገር ቤት ድራማ። አንገቱን ቀና አድርጎ የሰማዩን አናት የሚያየው ደግሞ ከፋዩ ነው። ዲኤስቲቪ ለእኛ የሚደርሰው በምሥራቅ 36 ዲግሪ ላይ ከቆመ ሳተላይት ነው፤ አዲስ አበባ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሳተላይቱ ከአናታችን ብዙም አይርቅም። ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለው ነገር ያዝናናኛል፦ ነፃው ሰማይ በየጎኑ፣ የሚከፈልበት ሰማይ ከላይ።

ከእኛ ጋር የምታድገው የልጅ ልጄ የቤታችን ዲሽም ቀና እንዲል ትፈልጋለች። ያውም በተራው ፓኬጅ ሳይሆን ኳሱ በኤችዲ በሚመጣበት። ባለቤቴ ወርሃዊውን ክፍያ ከዘይትና ከጤፍ ዋጋ ጎን አስቀምጣ ታሰላዋለች፤ እሷ ካሰላችው እኔ ደግሜ መደመር አያስፈልገኝም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ለጥራት ክፈል ስባል የምገዛው ነገር የት ነው ያለው? ስክሪኑ ላይ ነው? ዓይኔ ውስጥ ነው? ወይስ ገና ሳያይ «ግሩም ነው» ብሎ በወሰነው ልቤ ውስጥ?

እንደ አመሌ መጀመሪያ ሜትር አወጣሁ። ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ሦስት ሜትር ነው። ጤነኛ ዓይን ሁለት የተጠጋጉ መስመሮችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ካላነሰ ነው፤ በሦስት ሜትር ርቀት ይህ 0.87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥናችን ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። መደበኛው ስርጭት ይህን ቁመት በ576 መስመር ይከፋፍለዋል፤ ከመስመር እስከ መስመር 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል። ኤችዲው በ1080 ይከፍለዋል፤ 0.37። እንግዲህ ከሶፋዬ ሆኜ ሳይ የተራውን ስርጭት መስመሮች እንኳ መለየት አልችልም። ለኤችዲ ብከፍል ዓይኔ ሊቀበለው ለማይችለው ነገር ነው የምከፍለው ማለት ነው። እርግጥ ተራው ስዕል ተጫዋች በሮጠ ቁጥር ሣሩን ጭቃ የሚያስመስለው በመስመር ማነስ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሞገድ ላይ ብዙ ጣቢያ ለማጨቅ ሲባል ስዕሉ ስለሚጨመቅም ነው። ከልክ በላይ ከጨመቁት ኤችዲውም ያው ነው።

ሂሳቡ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ቤት ስሄድ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ።

ወንድሜ በእኛ ቤት ካለው የሚበልጥ ቴሌቪዥን ገዝቶ ኤችዲ ያለበትን ፓኬጅ አስገብቷል። ኳስ ስናይ ጨዋታውን ትቶ ጥራቱን ነው የሚተርክልኝ። «ላቡን አየኸው? ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ?» ይላል። «የሣሩን አቆራረጥ ተመልከት!» እኔም አዎን እላለሁ። በመሐል ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሶኬት ስፈልግ ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘበትን ገመድ አየሁ። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ። ያ የድሮው የኤቪ ገመድ ነው። ስዕሉ የሚያልፈው በቢጫዋ ብቻ ሲሆን ቢጫዋ ደግሞ ኤችዲ ማሳለፍ ከቶ አትችልም። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ከፋብሪካ የመጣበትን ፕላስቲክ ክዳን እንኳ አላወለቀም። ዲሹን የሰቀለለት ልጅ ያገኘውን ገመድ ሰክቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ወንድሜ ሲከፍል የኖረው ለኤችዲ፣ ሲያይ የኖረው ተራውን ስዕል ነው። (ከኤችዲ ወደ ተራ የወረደ ስዕል ከመነሻው ተራ ከሆነው ትንሽ ይሻላል፤ ከገንዘቡ ቅንጣቷን ሳያገኝ አልቀረም።)

ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ይህ የገመድ ጥያቄ አይደለም። ሰውየው ደስተኛ ነው። ላቡን ያያል፤ አለ የሚለውን ላብ እኔም አዎን ብዬለታለሁ። የደስታ ልኩ የሚሰማን ስሜት ብቻ ከሆነ ከወንድሜ ምንም አልተሰረቀም፤ እንዲያውም እኔ ብናገር የምሰርቀው እኔ ነኝ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሐሳብ የሚፈትን አንድ ማሽን በሐሳቡ ፈጥሯል። አንጎልህ ላይ ሽቦ ተገጥሞልህ የምትመኘውን ኑሮ ሁሉ በእውን የምትኖረው ይመስልሃል፤ መጽሐፍ ስትጽፍ፣ ወዳጅ ስታፈራ ይታይሃል፤ አንተ ግን ገንዳ ውስጥ ተንሳፍፈህ ነው ያለኸው። ትገባለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኖዚክ ራሱ መልሱ አይሆንም ነው ባይ ነው፤ የምንፈልገው የማድረግን ስሜት ሳይሆን ማድረጉን ራሱን ነውና። ወንድሜ ሳያውቀው በትንሹ እዚያ ማሽን ውስጥ ገብቷል፤ ለመግቢያውም በየወሩ ይከፍላል።

ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ ተቆጣ፤ መጀመሪያ በሰቃዩ፣ ቀጥሎ በእኔ። በመጨረሻ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ሳይ ነው የኖርኩት?»

ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና «ኳስ ነዋ!» አለችው።

ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ እስካሁን አስባለሁ። ወንድሜ የጎደለበት ስሜት የለም፤ ቢሆንም መቆጣቱ ተገቢ ነበር። ሰው የሚሻው ደስ መሰኘትን ብቻ ቢሆን ኖሮ «ያልነበረውን ላብ እንዳይ ስላደረግኸኝ ተባረክ» ብሎ ሰቃዩን ያመሰግን ነበር። እሷ ደግሞ ሌላ እውነት ይዛለች። ጎሉ ገብቷል፣ ቡድኑ አሸንፏል፣ ወንድሜ ከወንበሩ ዘልሏል። ይህ ሁሉ በቢጫዋ ገመድ ያለ ችግር አልፏል።

የእሷን ወገን ላግዝ። ሲድኒ ላይ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት በ10,000 ሜትር የተናነቁበትን ውድድር ያየሁት በመምህራን ክበብ ነው። ቴሌቪዥኑ አንቴናውን አንድ ሰው ቆሞ ካልያዘለት ስዕሉ የሚረበሽ ነበር። በመጨረሻው ዙር ቴርጋት አፈተለከ፤ ኃይሌ በመጨረሻዋ ቀጥታ መስመር ደረት በደረት ደረሰበትና በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። ያ ቴሌቪዥን በሰከንድ የሚያሳየው 25 ሙሉ ስዕል ነው። አስሉት፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት ከሁለት ስዕል እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ጭጋግ በመሰለ ምስል ሁለቷን ስዕል ማን እንደለያት አላውቅም፤ ክበቡ ግን ዳኞቹ ሳይናገሩ ፈነዳ። አንቴናውን የያዘው ባልደረባችን ሳይቀር ለቆት ዘለለ፤ ስዕሉም ጠፋ፤ የተቆጣው ሰው የለም።

ከዚያ በፊት ደግሞ የተገላቢጦሹን አይቻለሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም የተሻገረው ኢሠፓ በተመሠረተበትና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ነው፤ 1977 ዓ.ም. ሲብት። ለጋ መምህር ነበርኩ። ሰልፉን፣ ቀዩን ባንዲራ፣ አደባባዩን በቀለም አየን፤ አምሮ ነበር፤ አፋችንን ከፍተን ነው ያየነው። በዚያው ሰሞን በሰሜን ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር፤ በዓሉ እንዳይደበዝዝ ተብሎም ነገሩ ተሸፍኗል። መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳውና ማይክል በርክ የዘገበው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም እኛን እኛ ራሳችንን ካየነው በላይ አጥርቶ አየን። የእኛ ስክሪን በታሪኩ እንደዚያ ጊዜ አምሮ አያውቅም፤ እንደዚያ ጊዜም ታውሮ አያውቅም። ጥራት ሲባል ከምሰጋባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የጠራ ስዕል ያየነው ሁሉ ያለው ሁሉ እንዲመስለን ያደርጋል።

በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ በግምጃ ተሸፍኖ ነው። የቆመው ሕዝብ የሚያየው ጨርቁን፣ ጥላውን፣ የተሸከመውን ካህን ነው፤ እልልታው የሚቀልጠው ግን ላልታየው ነው። ይገለጥልን፣ ጠርቶ ይታየን የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ትላልቅ ዓይኖች፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። በጧፍ ጭስ በጠቆረ ግድግዳ ላይ ካለው ሥዕል ብዙው ቢደበዝዝም እነዚያ ሁለት ዓይኖች ይቀራሉ፤ እኛ እሱን ከማየታችን ይልቅ እሱ እኛን ያያል። እንግዲህ ያደግንበት እምነት የከበረውን ነገር ዋጋ በመታየቱ ልክ አይለካም። ይህን ለልጅቱ ብነግራት «ኳስ ታቦት አይደለም» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እውነቷን ነው። ከጨዋታ ውጪ ነበር አልነበረም የሚለው ነገር በእምነት አይፈታም።

ባለቤቴ የምታነሳው ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ጥሎ ማለፍም የሚጦፈው በዚያው ወራት ነው። ጾም የአፍ ብቻ ሳይሆን የዓይንም የጆሮም መሆኑን ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ካስተማረን ዘመናት አልፈዋል። «ነፃውን ጣቢያ ዘግቼ መቀመጥ እችላለሁ፤ የተከፈለበትን ግን አልችልም» ትላለች። ልክ ናት። ነፃው ዲሽ ባላየው አይከፋውም። የተከፈለበት ወር ግን መብራት ኖረ አልኖረ፣ እንግዳ መጣ አልመጣ ይቆጠራል፤ ሰውም ገንዘቡ እንዳይባክን ብሎ ያላሰበውን ፊልም ሲያይ ያመሻል። ስክሪኑን የገዛን ይመስለናል፤ ምሽታችንን ሸጠን ነው። ለእኔ ዋጋ ማለት ከብሩ ይልቅ ይህ ነው፤ ኤችዲው ደግሞ ያማረ ስለሆነ ይህኛውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ይህን ሁሉ ካብላላሁ በኋላ ለልጅቱ በወረቀት ላይ ሠርቼ አስረዳኋት። ማዕዘኑን፣ መስመሮቹን፣ 0.87ን ከ0.7 ጋር አነጻጽሬ ከሶፋው ላይ ልዩነቱ እንደማይታይ አሳየኋት። ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና፣ «አባባ፣ ሦስት ሜትር የራቅከው አንተ ነህ። እኔ ምንጣፉ ላይ ነኝ» አለችኝ።

ሜትሩን እንደገና አወጣሁ። ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ አገጯን በእጆቿ ስትደግፍ ከዓይኗ እስከ ስክሪኑ አንድ ሜትር ተኩል ነው። እዚያ ላይ ዓይን የሚለየው 0.44 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተራው ስርጭት 0.7 መስመር ይታያታል፣ የኤችዲው 0.37 አይታያትም። ለእሷ ልዩነቱ እውነት ነው፤ ያውም ልክ የዓይኗ ችሎታ እስከሚያበቃበት ድረስ። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ስክሪን ፊት፣ ለእኔ ብላሽ የሆነው ክፍያ ለእሷ ብላሽ አይደለም። ጥራቱ ስክሪኑ ላይ ነው ወይስ ዓይኔ ውስጥ ብዬ ስጠይቅ የረሳሁት በመካከል ያለውን ወለል ነው። ጡረተኛ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያወጣውን ሂሳብ ለቤቱ ሁሉ ሕግ ሊያደርገው አይችልም።

ለነገሩ ምንጣፉ ላይ ተጠግቶ ማየት ዓይን ያበላሻል በሚል ባለቤቴ ስትቃወም ሰንብታለች፤ ያንን ክርክር ለእነሱ ትቻለሁ። የተስማማነው ይህን ነው። በጾሙ አንከፍልም። ከትንሣኤ በኋላ ለአንድ ወር እንከፍላለን፤ የፍጻሜው ጨዋታ ያኔም አያመልጣትም። ልጅቱ ይህን ተቀብላ አንድ ነገር ጨመረች፤ ዲሹን የሚያዞረው ሰው ከመምጣቱ በፊት የኤችዲኤምአይ ገመዱን እኛው ራሳችን እንግዛ አለች። ቅዳሜ መርካቶ እንሄዳለን፤ ለወንድሜም አንድ እንገዛለታለን።