ለማን ብለን እናጸዳለን?

የቆሸሸ ነገር ስናይ እጃችን ቶሎ ወደ ውሃና ሳሙና ይሄዳል። መልካም ነው። ግን ማጽዳቱ ራሱ የሚገድል ቢሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ፣ ኮርንዎል አቅራቢያ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ድፍድፍ ነዳጇ ባሕር ላይ ፈሰሰ። 10,000 ቶን ገደማ ማጽጃ ኬሚካል ተረጨ። ዳርቻው ጸዳ፤ ከዓለቱ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩትን ትንንሽ ፍጥረታት ግን ከነዳጁ ይበልጥ የፈጃቸው ማጽጃው ነበር። በ1978 ደግሞ የአሞኮ ካዲዝ መርከብ ነዳጅ በፈረንሳይ ብሪታኒ ረግረጎችን ሸፈነ። በከባድ መሣሪያ አፈሩ ከነሣሩ ተገፎ የጸዳው ረግረግ፣ ሳይነካ ከተተወው ዘግይቶ አገገመ።

የረግረግ ሣር ሕይወቱ ከሥሩ ነው። ቅጠሉ በነዳጅ ታፍኖ ቢደርቅም፣ ነዳጁ ወደ አፈሩ ካልዘለቀ እንደገና ያቆጠቁጣል። ለማጽዳት የገባው ሰው እግር ግን ነዳጁን ረግጦ ወደ ጭቃው ሊያስገባው ይችላል። ጥቁሩ ነገር ከዓይን ሲጠፋ ልቡ የሚያርፈው ማን ነው? ሣሩ ነው ወይስ እኛ?

በአሜሪካ፣ ሉዊዚያና ተመራማሪዎች አንድን ማጽጃ በዕቃ ውስጥ ባበቀሉት የረግረግ ሣር ላይ ሞከሩት። አንዳንዱን ነዳጅ ቀቡት፤ አንዳንዱን ቀብተው በማጽጃው አጠቡት፤ ሌላውን ምንም አላስነኩትም። የታጠበው ሣር ቅጠሉ እንደገና መተንፈስ ቻለ። ስለዚህ ማጽጃ ሁሉ ጠላት አይደለም።

ጤነኛ ሣር ላይ ሆን ብሎ ነዳጅ መቀባት ተገቢ ነውን? በጥቂት ዕቃ ውስጥ፣ ሰፊውን ረግረግ ለማዳን ከሆነ፣ ተገቢ ነው እላለሁ። ለእኔ የሚከብደው ሳይታጠብ የተተወው ነው። ማጽጃው በእጅህ እያለ ያን ሣር እያየህ ዝም ማለት አለብህ፤ ያለ እርሱ ግን ሣሩን ያዳነው ማጽጃህ ይሁን ራሱ ያገገመ በምን ታውቃለህ? በማቴዎስ 13 ላይ እንክርዳዱን ሊነቅሉ የተነሡትን ባሪያዎች አስቡ። (ምሳሌው ስለ መጨረሻው ፍርድ መሆኑን አልዘነጋሁም።) ጌታቸው የከለከላቸው እንክርዳዱን ወዶት ሳይሆን ለስንዴው ሰግቶ ነው።

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ወፎች በሚያርፉበት ረግረግ ላይ ነዳጁ ላባቸውን ያጣብቃል፤ እዚያ መጠበቅም ይገድላል። ያን ጊዜ የትኛው ማጽጃ፣ በምን ያህል መጠን ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው፣ አስቀድሞ በዕቃ ውስጥ ከተሞከረው ሣር ነው።