ከሹፌሩ በኩል ያለው መስታወት

እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቬምበር፣ ዝናብ በሚያካፋበት ማታ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባል መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ነበር። በቀኜ በኩል ዜብራው ጫፍ ላይ አንዲት አሮጊት የገበያ ጋሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። አይቻቸዋለሁ። እንዲያልፉ በእጄ አሳየኋቸው። አልተንቀሳቀሱም። ጎንበስ ብለው፣ አንገታቸውን አስግገው በጎን መስታወቴ በኩል የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት ዓይኔን ነበር። ወደሳቸው እያየሁ ይሁን በግራዬ ወደሚመጣው መኪና ማወቅ ነበረባቸው፤ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ የሚያኖሩት በዚያ እውቀት ነውና። ያገኙት ግን ጥቁር መስታወት ላይ የራሳቸውን ጥላ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ወደ ኋላ ሸሸት አሉ፤ ከኋላዬ ያለው ክላክስ ሲያደርግ ሄድኩ።

መኪናዋ ያገለገለች ቶዮታ ካምሪ ናት፤ የገዛኋት ቲንቷ፣ መስታወቱን የሚያጠቁረው ፊልም፣ እንዳለ ነው። እውነቱን ለመናገር ወድጄው ነበር። በቀን አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሰዓት መሪ ይዞ የሚውል ሰው ቤቱ መኪናው ነው። ምሳዬን እዚያው እበላለሁ፤ ዳዊቴን እዚያው እደግማለሁ። የእናቴን ዕረፍት በስልክ የሰማሁት ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። መስታወቱን ዘግቼ ጮኼ አለቀስኩ፤ ማንም ሳያየኝ። ስለዚህ ስለ ቲንት ክፉ ለመናገር አልቸኩልም።

ከአሮጊቷ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፖሊስ አስቆመኝ። ሁለት ቁራጭ የሆነች ትንሽ መሣሪያ አወጣ፤ አንዱን ቁራጭ ከውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርጎ መስታወቱ ላይ አጣበቃቸው። ቁጥሩ 38 ይላል። በቨርጂኒያ ሕግ ከሹፌሩና ከጎኑ ያለው መስታወት ቢያንስ ከመቶ 50 እጅ ብርሃን ማሳለፍ አለበት፤ የኋላዎቹ 35 ይበቃቸዋል። «ፊልሙ እኮ ሃምሳ ነው ተብዬ ነው የገዛኋት» አልኩት። ልክ ነበርኩ፤ ፊልሙ ሃምሳ ነው። ያላወቅኩት መስታወቱ ራሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉን ብርሃን የማያሳልፍ መሆኑን ነው። መስታወቱ 76 ቢያሳልፍ፣ ፊልሙ ደግሞ የዚያን ግማሽ ቢያሳልፍ፣ ውጤቱ 38 ነው። ሁለት መጋረጃ ሲደራረብ ጨለማው ይባዛል። ይህን ስሌት የማያውቅ ሹፌር ብዙ ነው፤ የሚለጥፈውም ሰው ሁልጊዜ አይነግርም።

ቲኬቱን ይዤ አንድ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። እሱም ሹፌር ነው። «መኪናዬ ቤቴ ነው፤ ቤቴ ላይ መጋረጃ ብሰቅል መንግሥት ምን አገባው?» አለኝ። ቀጠለና፦ «ደግሞ የትኛው ሕግ? ሜሪላንድ የተመዘገበ መኪና በ35 ይሄዳል። ቨርጂኒያ 50 ይላል። ዲሲ ስትገባ የፊቱ 70፣ የኋላው 50። ድልድይ በተሻገርክ ቁጥር ኃጢአቱ የሚለወጥ ከሆነ፣ ኃጢአት አይደለም ማለት ነው።»

የጓደኛዬ ሁለተኛ ክርክር ለጊዜው ዝም አሰኝቶኝ ነበር። ኋላ ግን ጾምን አሰብኩ። በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ በዲቁና አገልግያለሁ። የጾም ሰዓት ለአንዱ ይጠብቃል፣ ለሕፃንና ለበሽተኛ ይላላል፤ ስለላላ ግን ጾም ውሸት ነው ያለ ሰው አላውቅም። የቨርጂኒያም ሕግ እንዲሁ ያደርጋል፤ ፀሐይ ቆዳውን የሚያሳምመው፣ እንደ ሉፐስ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ካረጋገጠለት የፊቱን የጎን መስታወት እስከ 35 እንዲያጠቁር ይፈቀድለታል። ቁጥሩን ሰው ወሰነው። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ግዴታ ግን የፖቶማክን ወንዝ ስሻገር አይለወጥም፤ አሮጊቷ ሜሪላንድም ቢቆሙ ዓይኔን መፈለጋቸው አይቀርም።

የመጀመሪያው ክርክሩ ነው የከበደኝ። ሰው የመሸሸግ መብት የለውም ወይ? እኔ አለው ባይ ነኝ። ስለዚህም ሕጉ ውስጥ ያለችውን አንዲት ልዩነት ደጋግሜ አየሁ፦ ለምን የፊቱ 50፣ የኋላው 35 ሆነ? መኪናው አንድ ነው፣ ፀሐይዋም አንድ ናት። የሚለየው የተቀመጠው ሰው ነው። ከኋላ ያለው ተሸክመውት የሚሄድ ነው፤ ማንንም መግጨት አይችልም፤ ቢተኛም፣ ቢያለቅስም፣ ቢሸሸግም የሚጎዳ የለም። ከፊት ያለው እጁ ላይ የሰው ነፍስ አለ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ምናልባት ያሰቡት ሹፌሩ በጨለማ አጥርቶ እንዲያይ ብቻ ይሆናል። እኔ ግን የማነብበው እንዲህ ነው፦ ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ሰው ፊቱን የማሳየት ዕዳ አለበት።

የእኛ ነገሥታት ይህን ገልብጠውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አፄ ልብነ ድንግልን እስኪያይ ድረስ ብዙ ደጅ ጠንቷል፤ ንጉሡ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው በሰው በኩል ይጠይቁ፣ በሰው በኩል ይመልሱ ነበር። ፍርዱ ይደርሳል፣ ፊቱ አይታይም። ሙሴም ከሲና ሲወርድ ፊቱን መሸፈኑን አውቃለሁ፤ እሱ ግን የሸፈነው የፊቱ ብርሃን ሕዝቡን ስላስፈራቸው ነው። ለሚያዩት አዝኖ ነው። የእኔ ፊልም ለአሮጊቷ ያዘነ አልነበረም። የመቅደሱንም መጋረጃ በገዛ እጄ ስቤአለሁ፤ በቅዳሴ መሐል ይዘጋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይገለጣል። ፊልም የሚገለጥበት ሰዓት የለውም።

ይህን ስል የጥቁር ሹፌርን ስጋት ረስቼ አይደለም። ቲንት ለፖሊስ ስንት ጊዜ ሰበብ እንደሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሬን» በተባለው ጉዳይ የወሰነው እዚሁ ዲሲ ውስጥ በሆነ ነገር ነው፤ የደንብ ልብስ ያልለበሱ፣ መኪናቸው የፖሊስ ምልክት የሌለው መኮንኖች ወጣቶችን በትራፊክ ጥፋት አስቆሙ። ፍርድ ቤቱ ጥፋቱ እውነት እስከሆነ ድረስ የፖሊሱ የልብ ሐሳብ አይመረመርም አለ። ያ ለእኔ ሌላ ጥቁር መስታወት ነው። መሪ የያዝኩት እኔ የምታይ ከሆነ፣ ሽጉጥ የታጠቀውም ለምን እንዳስቆመኝ ይታይ። ስለዚህ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ ፖሊስ በቲንት ብቻ መኪና እንዳያስቆም መከልከሏን ደግፌአለሁ። ጓደኛዬ «እንግዲህ ተፈቀደ» ብሎኛል። አልተፈቀደም። በሌላ ምክንያት ከቆምክ ቲኬቱ ይከተልሃል።

የኔን የፊቱን ፊልም ራሴ አነሳሁት። የባለቤቴን ፀጉር ማድረቂያ ይዤ ጥጉን አሞቅሁ፣ በጥፍሬ ላጥኩት፤ ግማሹ በአንድ ሲመጣ ግማሹ እየተበጣጠሰ ሙጫውን መስታወቱ ላይ ተወ። ሙጫውን በሳሙና ውሃና በምላጭ እየፋቅሁ ከሰዓት በኋላዬ አለቀ። ከኋላ ያሉት 38 በሕጉ ውስጥ ናቸውና አልነካኋቸውም። ማልቀስ ሲያሰኘኝ መኪናዬን አቁሜ ወደ ኋላ ወንበር እሄዳለሁ።

መሪ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፊልም ስታስለጥፉ የጥቅሉን ቁጥር አትመኑ፤ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ በመሣሪያ አስለኩት። ከፊት ያለውን ግን ከነጭራሹ እንድትተዉት እለምናችኋለሁ።