ምርቃት የሌለው ገበያ

በገበያ ቀን አንዲት ሻጭ እህሉን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ እጇን ወደ ከረጢቱ መልሳ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ይህ ጭማሪ ምርቃት ይባላል። ስሙ ሽማግሌ ለልጅ ከሚሰጠው ቡራኬ ጋር አንድ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የተሰፈረው እህል የገንዘቡ አቻ ነው፤ እፍኙ ግን ሻጭና ገዥ ነገም ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ይመሰክራል። ምርቃቱ ሲቀር ከእህሉ የሚጎድለው ጥቂት፣ ከሰዎቹ ግንኙነት የሚጎድለው ግን ብዙ ነው።

ይህ ቀላል የሚመስል ልማድ አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ለመመርመር መነሻ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ዕረፍትና መዝናናት እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ተሰፍረው የሚሸጡ ነገሮች ናቸውን? ዋጋቸው እያደገ፣ ከዋጋው ጋር ይሰጥ የነበረው ግን እየተቀነሰ ሲሄድ የሚጎዳው የገዥው ኪስ ብቻ ነው ወይስ ከዚያ የከበደ ሌላ ነገርም አለ?

የዚህን ሂደት አካሄድ አጉልቶ የሚያሳየው በአሜሪካ የሚገኙት የዲስኒ መዝናኛ ስፍራዎች ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ዲስኒላንድ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት የአንድ አዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ ለየመጫወቻው ግን ለብቻው ይከፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የየመጫወቻው ትኬት ቀርቶ በአንድ ዋጋ ሁሉን ማየት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጎብኚው ረጅም ሰልፍ ሳይጠብቅ በቀጠሮ ሰዓት የሚገባበት ወረቀት በነፃ ይታደል ጀመር። በፍሎሪዳው ስፍራ ደግሞ ከ2005 አንሥቶ በድርጅቱ ሆቴሎች የሚያርፉ እንግዶች ከአውሮፕላን ማረፊያ በነፃ አውቶቡስ ይወሰዱ ነበር። እነዚህ ሁሉ ምርቃት ነበሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2021 ነፃው ቀጠሮ በክፍያ ተተካ፤ በ2022 መጀመሪያ ነፃው አውቶቡስ ቀረ፤ በ2024 በካሊፎርኒያው ስፍራ ሕዝብ በሚበዛባቸው ቀናት የአንድ ቀን መግቢያ ከ200 ዶላር በላይ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዋጋው መናር ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የሰልፉ ነገር ነው። ሰልፍ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ፍትሕ አለው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል፤ የባለጸጋው ልጅና የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ በአንድ ፀሐይ ሥር ይቆማሉ። ተራውን በገንዘብ ዘልሎ የሚያልፍ ሰው አዲስ ጊዜ አልፈጠረም፤ ከኋላው የቀሩትን ሰዎች ጊዜ ወሰደ እንጂ። ስለዚህ የተሸጠው የድርጅቱ አገልግሎት ብቻ ሳይሆን የሌሎች ሰዎች ትዕግሥትም ጭምር ነው። የትዕግሥቱ ባለቤቶች ግን ከሽያጩ የደረሳቸው ነገር የለም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ ለሕዝብ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ገና ሲጀምር መደበኛና ልዩ የተባሉ ሁለት ዓይነት ትኬቶች ነበሩት። ከዚያ በፊት ለተራው ሰው ከአጥሩ ውጭ እንጂ የማይታየው ቤተ መንግሥት መከፈቱ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን እንግዳን በሁለት ደረጃ የመክፈል ሐሳብ በዚያው በር አብሮ መግባቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ከዋና ከተማው ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው ይኸው ጥያቄ በአርባ ምንጭ ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቀዋል። በዚህ ስፍራ ሰው ሠራሽ ተራራ ወይም የፕላስቲክ አዞ አያስፈልግም። ዓባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የተባለው ከፍታ ተዘርግቷል። ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች ከገደሉ ሥር ከጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ። በጫሞ ዳርቻ አዞዎች ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ የአዞ ገበያ የሚል ስም ወጥቶለታል። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም ስሙን ያገኘው በማዶው ሜዳ ላይ ነጥቶ ከሚታየው ሣር ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ግን የሚከፍለው በአንድ ጊዜ አይደለም። ለመግቢያ፣ ለተሽከርካሪ፣ ለስካውት፣ ለአስጎብኚ፣ ለጀልባ ለየብቻ ሒሳብ ይጠየቃል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የጀልባውና የመኪናው ወጪ አደገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር አንጻር ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። ስለሆነም ጀልባ ነጂውን በስግብግብነት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ቤንዚኑን የሚገዛው፣ ለልጆቹም እንጀራ የሚያበላው በዚያው በተወደደው ገበያ ነውና።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት በምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ በብርብር ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር በሐሳብ ይታሰብ። የሚያስተምራቸው ልጆች አርባ ናቸው። ስለ ዱር እንስሳት የሚናገረውን የመጽሐፉን ምዕራፍ ሲጨርስ ወደ አርባ ምንጭ ይዟቸው ሊሄድ ያስባል። ማታ ወረቀት አውጥቶ ሒሳብ ይጽፋል። ሙዙና ማንጎው ከደጅ ስለሚገኝ ምሳው አያሳስብም። አውቶቡሱን ይጽፋል፤ መግቢያውን ይጽፋል፤ አስጎብኚውን ይጽፋል፤ ጀልባ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል። መጀመሪያ ጀልባውን ይሰርዛል። ቀጥሎ አስጎብኚውን ይሰርዝና እኔው አስረዳለሁ ይላል። አሁንም አይበቃም። በመጨረሻ የሚቀረው አንድ መንገድ ወላጆቻቸው መክፈል የሚችሉትን አሥር ልጆች ብቻ ይዞ መሄድ ነው። አርባውን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ድምፅ ያስተማረው ሰው ከፓርኩ በር ሳይደርስ ራሱ በር ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ መምህር ችግር የኪስ ችግር ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። የቀሩት ሠላሳ ልጆች አዞን የማያውቁ አይደሉም። እንዲያውም ከማንም ጎብኚ ይልቅ ያውቁታል። ውሃ ሲቀዱ፣ ከብት ሲያጠጡ፣ አባቶቻቸው መረብ ሲጥሉ የሚፈሩት እርሱን ነው። በዓባያና በጫሞ ዳርቻ አዞ ሰውንና ከብትን መጉዳቱ የታወቀ ነው። እንስሳው በሕይወት እንዲኖር የዳርቻው ሕዝብ በየዕለቱ በፍርሃትና በጥንቃቄ ዋጋ ይከፍላል። ለእንግዳው ትርኢት የሆነው ለባለአገሩ ሥጋት ነው። ሥጋቱን የሚሸከም ልጅ ትርኢቱን ለማየት ሲመጣ ዳግመኛ ክፈል መባሉ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውን ተረት እውነት ያደርገዋል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ባለቤት የሌለው፣ ዋጋም የሌለው ነገር ይጠፋል፤ ደን ይቆረጣል፣ አውሬ ይታደናል፣ ስለዚህ ተፈጥሮን የሚያድናት የመግቢያው ገንዘብ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። ስካውቱ ደመወዝ፣ መንገዱም ጥገና ይፈልጋል። ሆኖም የነጭ ሣር ታሪክ እውነቱ በዚህ እንደማያበቃ ያስተምራል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም አንዱ ዋና ዓላማ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውን ቆርኬ መጠበቅ ነበር። የመግቢያ በርና ታሪፍ እያለ ግን የቆርኬው ቁጥር ኋላ በተደረጉ ቆጠራዎች በጣት የሚቆጠር እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 አስተዳደሩን በውል የተረከበው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅትም በፓርኩ ክልል በሚኖሩት የጉጂና የኮሬ ተወላጆች ጉዳይ ላይ መፍትሔ ሳይገኝ በ2008 ለቅቆ ሄደ። በሩ ብቻውን ቆርኬውን አላዳነውም። ሰው ለሚያየውና የእኔ ለሚለው ነገር ይቆረቆራል፤ ከበር ውጭ የቀረ ልጅ አድጎ መጥረቢያ ሲይዝ ለደኑ የሚራራበት ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ስለዚህ ዋጋን ከዋጋ መለየት ያስፈልጋል። ለጥበቃና ለድካም የሚጠየቅ ዋጋ ፍትሐዊ ነው፤ መጠኑም በግልጽ ሊነገርና ሊመረመር ይችላል። ማንም ሰው ያልሠራውን ሐይቅና ያልፈጠረውን የፀሐይ መግቢያ ለማየት የሚጠየቅ ዋጋ ግን ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ከኬላ ቀረጥ አይለይም። ሰውን ከሰው ለመለየት ሲባል የሚጫን ዋጋ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የመጀመሪያው ስፍራውን ያቆማል፤ ሁለተኛው ያጠብበዋል፤ ሦስተኛው ከስፍራው ላይ አብሮነትን ይነጥቃል።

ዕረፍት የቅንጦት ነገር አለመሆኑንም ሕግ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ማንም ሰው የማረፍና የመዝናናት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ይህንኑ ያረጋግጣል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሕጉ ቀኑን ሰጥቷል፤ ቀኑ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ገበያው ወስዶታል። በቤቱ ግድግዳ መካከል ብቻ ፈቃዱን የሚጨርስ ሠራተኛ ከሥራ ተለየ እንጂ አረፈ ለማለት ያስቸግራል። አርስቶትል ሰው የሚደክመው ሊያርፍ መሆኑን ጽፎ ነበር። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት የሚጠራበት ቃል ዕረፍት ከሚለው የግሪክ ቃል መወለዱም ሰው አእምሮውን የሚያሰፋው ከድካሙ ባረፈበት ሰዓት መሆኑን የሚያስታውስ ነው።

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐይቆቹ በላይ ባለው በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ መስክ አለ። ሕዝብ በጋራ ጉዳዩ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ስፍራ ነው። ወደ ዱቡሻ ለመግባት ትኬት አይቆረጥም፤ ነገር ግን ዱቡሻ ሥርዓት የለሽ አይደለም። የሚናገርበትና የሚደመጥበት ወግ አለው፤ መስኩም በልማድ የተከበረ ነው። ክፍት መሆንና መጠበቅ እንደማይጣሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ስፍራውን የጠበቀው የገንዘብ መጠን ሳይሆን የእኔም ነው የሚል የእያንዳንዱ ሰው ስሜት ነው።

እንግዲህ የመዝናኛን ዋጋ የሚተምን የሥራ ኃላፊ፣ ተማሪ የሚመራ መምህር፣ የአገሩን ውበት የሚሥልና የሚያዜም የጥበብ ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ዋጋው አንድና ግልጽ ቢሆን፣ ተራ ባይሸጥ፣ ከገቢው ለዳርቻው ቀበሌዎች በእውነት ቢደርሳቸው፣ ለባለአገሩ ልጆች የተለየ ቀን ቢመደብ የሚጎድለው ገንዘብ ጥቂት ነው። ሻጯ እፍኙን የምትጨምረው እህል ተትረፍርፎላት አይደለም። ዓመቱ ሲከፋ እፍኙ ሊያንስ ይችላል፤ እጇ ግን ወደ ከረጢቱ መመለሱን አይተውም። የምዕራብ ዓባያው መምህርም የሚጠይቀው ሙሉ ቁና አይደለም። አርባውን ልጆች አሥርና ሠላሳ ብሎ ሳይከፍል አንድ ቀን ጫሞ ዳር ሊያቆማቸው የሚያስችለውን ያችን እፍኝ ብቻ ነው።