ማረም

«ጋሼ፣ ይሄን አረም ልንቀለው?»

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ የሚለው ወጣት አትክልተኛ ግቢዬ ውስጥ ካለችው ቀይ ጽጌረዳ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ጽጌረዳዋን የተከለቻት እናቴ ናት፤ እሷ ካረፈች 11 ዓመት ሆናት። ዘንድሮ ክረምቱ አልተስማማትም። ቅጠሎቿ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥተው፣ ቢጫ ሆነው ረግፈዋል። ከጎኗ ግን አንድ ረጅም፣ ወዙ የሚያበራ፣ እሾሃም ቅርንጫፍ ከመሬት ተወንጭፏል። አረም የተባለው እሱ ነው። ከግቢው ሁሉ ጤነኛው!

«በምን አወቅህ?» አልኩት።

«ቅጠሉን ይቁጠሩት፤ ሰባት ሰባት ነው። የደህናው አምስት አምስት ነው።»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከችግኝ ሻጭ የምንገዛው ጽጌረዳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተክል አይደለም፤ ሁለት ነው። አበባው የሚያምረው ዝርያ ሥሩ ደካማ ሊሆን ስለሚችል፣ ከእሱ አንዲት ዓይን ተቆርጣ ጠንካራ ሥር ባለው ሌላ ጽጌረዳ ላይ ትጣበቃለች። ስትይዝ የታችኛው ራስ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያ ሥሩ ይመግባል፣ ላዩ ያብባል። ሥሩ ግን ራሱን አይረሳም፤ ዝናብ ሲያገኝ ከመጣበቂያው በታች የራሱን ቅርንጫፍ ይልካል። ዝም ከተባለም ጉልበቱን ለራሱ አድርጎ የላይኛውን ያደክማል። ሰዎች «ጽጌረዳዬ ቀይ ነበረች፣ ነጭ ሆነችብኝ» የሚሉት እንዲህ ሲሆን ነው። አልተለወጠችም፤ ሞታለች። ያበበው ሥሩ ነው።

የቅጠል ቆጠራው ግን አያስተማምንም። ሰባት ቅጠል የሚያወጡ የተመሰገኑ ጽጌረዳዎች አሉ። እርግጡ የሚታወቀው አፈሩን ገልጦ፣ ቅርንጫፉ ከየት እንደተነሣ በማየት ነው።

በዚህ ነገር መሳሳት ለእኔም ብርቅ አይደለም። አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጽጌረዳ በ«ዊንተር» መጨረሻ ይገረዛል ቢለኝ፣ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ «ክረምት» ብዬ ተርጉሜ በነሐሴ መጨረሻ መቀስ አነሣሁ። የእነሱ ዊንተር ተክሉ የሚተኛበት የውርጭ ወቅት ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ብርዱስ ቢሆን እኛ ጋ የሚከፋው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አይደል? ቁስሉ ሳይደርቅ ዝናብ ገባበትና ግማሽ ግንዷ ጠቆረ። አሁን ሰማዩ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። በክረምት የረገፈውን ቅጠል መልቀም ይበቃኛል፤ ቅጠል 7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ለዚያ ለጥቁር ነጠብጣቡ ሻጋታ በቂው ነው፣ ከወደቀው ላይም ተነሥቶ ይመለሳል።

የከነከነኝ ግን «አረም» የሚለው ቃል ነው። አረም የተክል ዘር ስም አይደለም። ስንዴም ጤፍ ማሳ ውስጥ ከበቀለ አረም ነው። ልጅ ሳለን ፍሬውን እየለቀምን የበላነው ቀጋ የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ሳይንሱም በአገራችን ስም «ሮዛ አቢሲኒካ» ይለዋል። ማሳው ውስጥ የገባበት ገበሬ ይመነጥረዋል፤ እሾሁን ግን ለአጥር ይፈልገዋል። «አልፈልግህም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «አረም ነህ» ማለት ሌላ። የመጀመሪያው የእኔን ፍላጎት ይናገራል፣ ሁለተኛው ጥፋቱን ተክሉ ላይ ይለጥፋል።

ቋንቋችን እርሻ ማረምንና ፈተና ማረምን በአንድ ግስ ይጠራል። እኔም ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስንት ዓመት ሳርም ኖሬያለሁ። አንድ ከገጠር የመጣ ተማሪ ነበረኝ። ተረት ሲተርክ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል፤ በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል እጁ ይተሳሰራል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ነጥቡ አልሞላም፣ ኤፍ ሰጠሁት። ደንቡ ነው፤ ዛሬም ያ ወረቀት ቢመጣልኝ ነጥብ አልጨምርለትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባዬ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ፣ «ሰነፍ ነው» አልኩ። ሰነፍ አልነበረም። በማያስብበት ቋንቋ እንዲጽፍ ያዘዝነው እኛ ነን። «ቤታችን እንዲህ ያለውን አይፈልግም» ብል እውነት ነበር፤ ግን ያ እኔንም ያስጠይቀኛል። «ሰነፍ» ከተባለ ማን ይጠይቃል? ልጁ ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሲወጣ ከቢሮዬ መስኮት አየሁት።

«አረም» ከጓሮ ወጥቶ ለሰው ሲውልም ሰምተናል፤ በስብሰባ፣ በመድረክ፣ አሁን አሁን ደግሞ በየስልካችን። እዚህ ላይ የጽጌረዳዋ ምሳሌ ራሱ ያስፈራኛል፤ ጽጌረዳ ላይ ፍርዱ ያለው ሥሩ ላይ ነዋ! ከየት እንደበቀለ ካየን ጨርሰናል። ሰውን በዚህ ሚዛን መመዘን ምን እንዳመጣብን ለአንባቢ አልነግርም። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ምሳሌ እንወዳለን፤ ምሳሌው የት ላይ መቆም እንዳለበት ማሳየትም ሥራችን ነበር፣ ብዙ ጊዜ ግን ዘልለነዋል።

ለማንኛውም አፈሩን በእጃችን ገለጥነው። ረጅሙ ቅርንጫፍ በእርግጥም ከመጣበቂያው በታች የተነሣ ነው። አጠገቡ ያለው ቀጭን ቡቃያ ግን፣ እሱም ሰባት ቅጠል ያለው፣ ከላይ ነው። የእናቴ ነው። እሱን ተውነው። ረጅሙን በመቀስ ቢቆርጡት ከጉቶው ሦስት አራት ሆኖ ስለሚመለስ፣ ልጁ ከነመነሻው ገንጥሎ አወጣው። ትንሽ ሥር ይዞ መጣ። ወደ ቆሻሻው ይወረውረዋል ብዬ ስጠብቅ፣ እሾሁን በጣቱ እየነካካ ቆየ።

«ጋሼ፣ ካልፈለጉት ልውሰደው?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ቆራርጬ ልተክለው። የኛ ግቢ አጥር የለውም።»

አሮጌ ጋዜጣ አርጥበን ሥሩን ጠቀለልንለት።