ቤዙ ሲጫወት ማን አወራ?

አንድ ምሽት የሠራነውን ጥፋት ይዘን ቀርበናል። ጥፋት ነው አይደለም የሚለውን እርስ በርሳችን ገና አልተስማማንበትም፤ ወደዚህ ገጽ ያመጣነውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አትላስ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሙዚቃ ወዳዶች እየተሰበሰቡ የሚያዳምጡባት ጠባብ አዳራሽ አለች። አባሎቹ አብዛኛዎቹ ጎልማሶች ናቸው፤ ሸክላ አብረው ይሰማሉ፣ አልፎ አልፎም ተጫዋች ይጋብዛሉ። መግቢያ አያስከፍሉም። እኛም አምስት ሆነን፣ ከስድስት ኪሎ ሁለት ታክሲ ቀያይረን ሄድን። የጠበቅነው ሙሉ ባንድ ነበር። ስንደርስ ያገኘነው ግን አንድ ፒያኖና አንድ ደብል ቤዝ ብቻ። ከመካከላችን አንዱ «ሌሎቹስ የት ቀሩ?» አለ። ሌሎች የሉም፤ በቃ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ፒያኖና ቤዝ ብቻቸውን ሲቀሩ መደበቂያ የላቸውም። ከበሮ ስለሌለ ምቱን የሚጠብቀው ቤዙ ነው፤ ዜማው የሚቆምበትን ወለል የሚያነጥፈውም እሱ ነው። ፒያኒስቱ በግራ እጁ እንደ ልቡ ልሂድ ቢል እታች ከቤዙ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ግራ እጁን ቆጠብ ያደርጋል፣ ለጓደኛው ቦታ ይለቅለታል። ይኸን ሁሉ ያወቅነው እኮ ኋላ ነው። ያን ምሽትማ የታየን አንደኛው ሲደክም ሌላው የሚተካው መስሎ ነው።

ፒያኖው ሲጫወት ጸጥ ብለን ሰማን፣ አጨበጨብንም። ከዚያ ፒያኒስቱ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈና ቤዙ ብቻውን ቀጠለ። ያን ጊዜ እኛ ወሬ ጀመርን። ሳንመካከር፣ ልክ ዕረፍት የተደወለ ይመስል። አንዱ ስለ ፈተና ውጤት፣ ሌላው ስለ መጨረሻው ታክሲ፤ አንዷም ሳቀች። ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት ዞር ብለው አዩን። አልተቆጡም። አይተውን ብቻ ተመለሱ። ቁጣው ይሻለን ነበር።

ሲያበቃ ቤዝ ተጫዋቹ ያን የሰው ቁመት የሚበልጥ መሣሪያ ከነልባሱ አዝሎ ደረጃውን ሲወርድ ደረስንበትና አገዝነው። መቼም ከደግነት ይልቅ ኀፍረቱ ነው የገፋን። አንዷ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሲጫወቱ ስናወራ ነበር» አለችው። «ምንም አይደል ልጆች፤ ለምጄዋለሁ» አለ።

ይቺ «ለምጄዋለሁ» ናት እስከ ዛሬ የምታከራክረን።

በታክሲ ስንመለስ አንዱ ጓደኛችን ጠበቃ ሆኖ ተነሣ። «ዝም ብሎ እንደ ሐውልት ተቀምጦ መስማት የፈረንጅ ሥርዓት ነው» አለ። «እኛ አገር ማሲንቆ ሲመታ ዝም የሚል ሰው አለ እንዴ? ‹ተቀበል!› ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ ይስቃል፣ ይሸልማል፣ ትከሻው ይነቀነቃል። አዝማሪ ፊት ዝም ብትል ተቀየመኝ ይልሃል።» እውነቱን ነው። ለጊዜው ረታን።

ነገር ግን እዚሁ አገር በገናም አለ። በዐቢይ ጾም አሥሩ የበገና አውታር በዚያ በወፍራም ድምፁ ሲነዝር ማን ያወራል? ዝምታውን ከማንም አልተዋስነውም። እንዲያውም በገናና ደብል ቤዝ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ጮኸው አይጠሩህም፤ አንተ ነህ ወደነሱ ዝቅ የምትለው። እንግዲህ ሁለቱም ልማድ የኛ ከሆነ ክርክሩ የፈረንጅና የሐበሻ አይደለም። አዝማሪ ቤት የሚነሣው ሁካታ ሁሉ ወደ አዝማሪው የሚሄድ ነው፤ ለሱ መልስ ነው። የኛ ወሬ ግን በሰውዬው አጠገብ አልፎ ሄደ፣ እሱ እዚያ የሌለ ይመስል። ጥያቄው ድምፅ አሰማን አላሰማንም ሳይሆን ፊታችን ወዴት ነበር የሚለው ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ፣ ፒያኖና ቤዝ ብቻቸውን መጫወት እንዴት ተጀመረ ብለን ማንበብ ያዝን። ስሙን ደጋግመን ያገኘነው ጂሚ ብላንተን የሚባል ልጅ ነው። ልጅ የምንለው በኛው ዕድሜ ስለነበረ ነው። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1939 ሲቀጥረው ገና 21 ዓመት ገደማው ነበር። በዚያ ዘመን ቤዝ ከኋላ ቆሞ ምት መጠበቂያ ነበር፤ ኤሊንግተን ግን ልጁን ከነቤዙ ከባንዱ ፊት አቆመው። በ1939ና በ1940 ሁለቱ ብቻቸውን፣ ፒያኖና ቤዝ፣ ሸክላ ቀረጹ። ብላንተን በሳንባ ነቀርሳ በ1942 ሞተ፤ 23 ዓመቱ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1972፣ ኤሊንግተን ከሬይ ብራውን ጋር ያንኑ የፒያኖና የቤዝ ጨዋታ መልሶ ቀረጸ፤ «ይህኛው ለብላንተን» የሚል ስምም ወጣለት። በተከታዩ ዓመት በ1973 ይኸው ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጣ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተቀበለ፤ ሙላቱ አስታጥቄም ያን ጊዜ አግኝቶታል። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ። ኒሻን የተሸከመ ትልቅ ሰው፣ በ23 ዓመቱ የሞተ ቤዝ ተጫዋች እስከ መጨረሻው ከጆሮው አልወጣለትም።

ሁለተኛው ታሪክ ደስ አይልም። ሰኔ 25 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባል ምድር ቤት ቢል ኤቫንስ በፒያኖ፣ ስኮት ላፋሮ በቤዝ፣ ፖል ሞሽን በከበሮ ሲጫወቱ ተቀረጸ። ቅጂው ዛሬ በጃዝ ዓለም እንደ ውድ ዕቃ ይታያል። ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት፤ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሰው ያወራል። ላፋሮ ከ11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ፣ በ25 ዓመቱ። ያወሩት ሰዎች ይኸን በምን ያውቃሉ? አያውቁም። ወሬያቸው ግን ከሱ ጨዋታ ጋር አብሮ ተቀርጾ ቀረ። የኛን የአትላሱን ወሬ የቀረጸ የለም፤ ታዲያ ማስረጃ ስለሌለ ቀለለ ማለት ነው?

አሁን ወደ «ለምጄዋለሁ» እንመለስ። ጠበቃው ጓደኛችን «ተበዳዩ ራሱ ምንም አይደል ካለ እናንተ ማን ናችሁና ትከስሳላችሁ?» ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ነው። ነገር ግን ለመድሁት ማለት ይቅር አልሁ ማለት አይደለም። ለመድሁት የሚል ሰው ከናንተ የሚጠብቀውን ነገር ቀንሷል ማለት ነው፤ የቀነሰውም በኛ ብቻ ሳይሆን ከኛ በፊት ባወሩት ሁሉ ነው። እኛ ያን ምሽት በአንድ ረዥም ሰልፍ መጨረሻ ላይ ተሰልፈን ነበር።

ሰልፉ ረዥም ለመሆኑ እዚሁ ዶርማችን ውስጥ ምስክር አገኘን። «ቼ በለው» የተባለውን የ1977 እ.ኤ.አ. የዋልያስ ሸክላ የማያውቅ አልነበረም፤ ኦርጋኑን የተጫወተው ማነው ብንል «ኃይሉ መርጊያ!» አሉን ባንድ አፍ። ቤዙንስ? ዝም። መላከ ገብሬ ነው። የሮሃ ባንድንስ ቤዝ? አሁንም ዝም። ጆቫኒ ሪኮ ነው። በሮሃ ታጅበው የዘፈኑትን ግን በስም ሲቆጥሩልን አመሹ። ያሳደጉን ዘፈኖች የቆሙት በነዚህ ሰዎች ጣት ላይ ነው፤ ስማቸውን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ማፈር ነበረብን።

ጠበቃችን ግን እጅ አልሰጠም፤ የመጨረሻው ጥያቄውም ቀላል አይደለም። «እሺ፣ አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ እንበል። በልቤ ስለ ፈተና ውጤቴ ካሰብሁስ? የሰማሁ መስዬ አታለልሁት ማለት ነው። ማውራቴ ቢያንስ ግልጽ ነበር።» እዚህ ላይ ተከፋፈልን። ሁለታችን አስመሳይ ዝምታ ከወሬ ይብሳል አልን። ሌሎቻችን የለም፣ ዝም ያለ ሰው ቢያንስ የጎረቤቱን ጆሮ አይሰርቅም፤ ደግሞም ሐሳቡ ሄዶ ሄዶ አንድ ሁለት ኖታ ላይ ሊመለስ ይችላል፣ የሚያወራ ግን መመለሻውን ዘግቷል አልን። ጠበቃው «ይቺ የድሃ መጽናኛ ናት» ብሎ ሳቀብን።

አዳራሿ በሚመጣው ወር ሁለቱን ሰዎች መልሳ ጋብዛለች አሉ። ጠበቃው ከሁላችን በፊት ሄዶ የፊተኛውን ወንበር እንደሚይዝ ምሏል፤ ሐሳቡ ይሸሽ አይሸሽ እዚያው ሊለካው ነው። ደረጃው ላይ ቤዙን ማን እንደሚሸከም ግን ካሁኑ ዕጣ ይውጣ እያለ ያስቸግረናል።